አሥራ አንደኛው ጄል

ሰልሰቢል ብልቃጡን ዘቀዘቀችው። ውስጡ ያለው የሚቀባ ጄል አልወረደም። አርባ ዲግሪ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ወር ሙሉ ከርሞ ውኃ እንኳ አልተፋም። ከእሱ በፊት የሠራቻቸው አሥሩ የአርባ ምንጭን ሙቀት አልቻሉም ነበር፤ እንደ ሾርባ ቀጥነው ተደፉ።

አባቷ አብዱሰመድ የላብራቶሪው በር ላይ ቆሞ ያያታል። ከምዕራብ ዓባያ የመጣው ለሱቁ ጨርቅ ሊጭን ነው፤ እግረ መንገዱን ጎራ አለ። እጆቹን እንደ ልማዱ ኪሱ ከቷል።

የአባቷ የእጅ ችፌ የጀመረው እሷ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። መዳፉ ተሰነጣጥቆ የሚሸጠው ሻሽ ክሩ ይያዝበት ጀመር። ገበያተኛው ይጋባል ብሎ ሲሸሸው መጨበጥ ተወ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም ይላል። ቤትም ውስጥ እንዲሁ ሆነ። እንደማይጋባ ስንቴ ነገረችው! ፋርማሲ የተማረችውም ይህንኑ ልትነግረው ይመስል ነበር። እሱ ግን ፀጉሯን ከዳበሰ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው።

ግባ አለችውና ብልቃጡን አሳየችው። የችፌውን መድኃኒት ከገረሴ ደጋ ከመጣ ቅጠል እንዳወጣችው፣ በጥንቸሎች ቆዳ ላይ ተሞክሮም እንዳላቆሰለ ነገረችው። ከዚያ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። የቀኙ አውራ ጣት ሥሩ ደምቷል።

“ትንሽ ቀቢኝ፣ ልጄ።”

ጓንት ያጠለቀው እጇ ብልቃጡ ላይ ቀረ። ሰው ላይ ለመሞከር ፈቃዱ ገና አልመጣም። የጥንቸሎቹ ቆዳ ደግሞ ጤነኛ ነበር፤ እንዲህ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም፤ እሷም አታውቅም።

“አልችልም፣ አባ። ባንተ አልጀምርም። ፈቃዱ ሲመጣ፣ ሐኪም እያየህ።”

“መቼ ነው?”

“አላውቅም።”

ቅር አላለውም፤ ብሎትም ከሆነ አላሳያትም። ሲቀባ ምን እንደሚመስል ብቻ ልይ አላት።

ጓንቷን አወለቀች። ከሌላ ብልቃጥ፣ መድኃኒት ካልገባበት ጄል፣ በጣቷ ጨልፋ የእጇን ጀርባ ቀባች። እሱም ቢሆን ለደማ ቆዳ የሚሆን አልነበረም።

ያቃጥል እንደሆነ ጠየቃት። እንደማያቃጥል፣ እንዲያውም እንደሚቀዘቅዝ ነገረችው።

አብዱሰመድ ጎንበስ አለ። ቀኝ መዳፉን ከእጇ በላይ አመጣና ሊነካት ጣት የማይሞላ ክፍተት ሲቀረው አቆመው።

“እውነትም ይቀዘቅዛል” አለ።

ሰልሰቢል የተሰማት ግን የመዳፉ ሙቀት ነበር። እጇን አላንቀሳቀሰችም። ጄሉ ቆዳዋ ላይ ቀስ እያለ ደርቆ አለቀ፤ መዳፉ ግን እዚያው፣ ከእጇ በላይ፣ እንደተንሳፈፈ ቆየ።