ከሩቅ የሚታይ ፊት

አታሚዋ ለመታሰቢያ ቲሸርት የሚታተመውን የሟች ወጣት ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ እንደገና ወደ ነጠብጣብ ለወጠችው። ከዐይኑ ስር ያለው ስስ ጥላ፣ ቀለሙን ወደ ጨርቁ የሚያሳልፈው የማተሚያ ወንፊት በታጠበ ቁጥር ከውሃው ጋር እየሄደ አስቸግሯት ነበር። አሁን ነጠብጣቦቹን አወፈረቻቸው፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ አወጣችውና ነጩ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ለእናቱ አሳየቻቸው።

«የታለ ልጄ?» አሉ እናቱ አፍንጫቸው ላስቲኩን እስኪነካ ተጠግተው። «ይሄ ጉንዳን የወረረው ላስቲክ እንጂ ፊት ነው?»

«ያለን ቀለም ጥቁር ብቻ ነው፣ እማማ። ጨለም ያለው ቦታ ትልልቅ ነጥብ፣ ፈካ ያለው ትንንሽ ነጥብ እያደረግን ነው ጥላውን የምናወጣው። እስቲ ራቅ ብለው ይዩት።» ለመጣው ሁሉ ስታስረዳ የዋለችው ነገር ነበርና ድምፏ ዝሏል።

እናቱ ዐይናቸውን እንደተከሉ ወደኋላ ወደኋላ ሄዱ። ጀርባቸው በሩን ሲነካ ቆሙና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «መጣ» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ሲያኮርፍ የሚያጠብበው ዐይኑ ሳይቀር!»

አታሚዋ ተገላገልኩ ብላ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «በሉ የቲሸርትዎን ልክ ይንገሩኝ፣ ላትመው።»

እናቱ ከበሩ አልተነቃነቁም። «ሌላውስ ሰው ከሩቅ ያየዋል። እኔ ደረቴ ላይ ለብሼው እንዴት አድርጌ ነው የማየው?»

አታሚዋ ወገቧን ይዛ ተነሣች፤ ላስቲኩን ከግድግዳው ነቅላ ነጭ ሹራቧ ላይ፣ ደረቷ ጋ ያዘችው። ከዚያ የልጁ ፊት እንዳይታጠፍባቸው፣ የዛለ ወገቧን እንደምንም ቀጥ አድርጋ ቆመች።