የስሙ ግማሽ

በዚህ ዘመን የታገደ ቃል የዘፈነ ሰው ያ ቃል ከጉሮሮው ይወሰድበታል፤ ዳግም አይወጣለትም።

«ዝገት» የተባለው የፓንክ ሙዚቃ ባንዳችን ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ተገናኝቶ አልበም ሲቀዳ፣ የመጨረሻው ዘፈን አዝማች የታገደው «እምቢ!» ነበር። ጊታሪስታችን ደምመላሽ ለመነኝ።

«ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ቃል ተይው! ልጅሽን በምን ልትጠሪው ነው?»

«‹ልጄ› እለዋለሁ! ይሄ ቃል ከሌለበትማ የሠርግ ዘፈን ነው!»

ጉሮሮዬ እስኪደማ ጮህኩት።

አልበሙ በወጣ በሳምንቱ ልጄን ቅጂዎቹን ሲያከፋፍል ያዙት።

ዛሬ የሚወደውን ሽሮ በምሳ ዕቃ ይዤ እስር ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። እዚህ ወረቀት አይቀበሉም፤ ጠያቂ የእስረኛውን ስም በራሱ አፍ መጥራት አለበት።

«ስሙን ይጥሩ፣ እናቴ» አለኝ ዘበኛው።

እምቢአለ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔው ነኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣልኝ መጨረሻው ብቻ ነው።

«...አለ።»

«ማን አለ?»

«አለ!»

ዘበኛው መዝገቡን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ አለ የሚባል እስረኛ የለም።»

ምሳ ዕቃው እጄ ላይ ቀዝቅዟል። የበሩን ብረት ጨብጬ በተረፈኝ ድምፅ ጮህኩ።

«አለ! አለ! አለ!»