የዶርቃ ዋስ

ቁጭ በሉማ ልጆቼ፣ ወንበሮቹ ሳይነሡ። የእሑዱ ጉባኤ ገና መበተኑ ነው፤ ዶርቃም አዳራሹ መሐል ቆማ፣ ሳቋ አላስወራ ብሏት፣ "አለፍኩ! ሥራውን ሰጡኝ!" እያለች ነው።

እልልታው ቆርቆሮውን ሊያነሣው ደረሰ። ከሀይሌ ጋርመንት ጀርባ ያለች የኪራይ አዳራሽ ናት፤ ጥቂት ሰው እልል ካለባት ትሞላለች። አንዷ እናት መጥታ አቀፈቻት። ጌቱ የሚባለው አስተናባሪ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ዘማሪዋ እድላዊት ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት።

ከሁሉ በላይ ደስ ያለው ግን ግዛው ነው። ለምን አይለው! በሥራ ቀን የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሚሲዮናዊ፤ አገልግሎቱም ሥራ ያጡ ምእመናን ሥራ አግኝተው ራሳቸውን እንዲችሉ መርዳት። ዶርቃ ትሠራበት የነበረው ምግብ ቤት ለመንገድ ተብሎ ከፈረሰ ወዲህ፣ ማመልከቻ አጻጻፉን ያሳያት እሱ፣ ቀጣሪ መስሎ እየጠየቀ ያለማመዳትም እሱ።

"አትሽኮርመሚ፤ ቀና ብለሽ ተቀመጪ። ስትመልሺ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ነው" ይላት ነበር። እሷ እኮ ሰው ሲያናግራት መሬት መሬት ማየት ነበር የምታውቀው።

"የት ነው ቦታው?" አለ ጌቱ።

"ለቡ። የሳሙና ማከፋፈያ ነው፤ ስቶር ላይ መደቡኝ። ነገ ጠዋት ግቢ ብለውኛል።" ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። "ዋስ ብቻ ነው የቀረኝ።"

ዋስ ማለት፣ ዕቃ ቢጠፋ ከደሞዙ ሊቆረጥበት የሚፈርም ቋሚ ሠራተኛ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ የለም።

ጌቱ ስልኩ ሳይጠራ "ሃሎ፣ ሃሎ" እያለ ወደ በሩ ሄደ። ያቀፈቻት እናት የታክሲው ሰልፍ ትዝ አላት። እድላዊት ደግሞ፣ "እኔ እንኳ ኮንትራት ነኝ እህቴ፤ ኮንትራት ባልሆን ኖሮማ..." አለችና ነጠላዋን አስተካከለች። "ቆይ፣ እዚህ አገር ዘመድ የለሽም እንዴ?"

"እሱም ጠይቆኝ ነበር እኮ" አለች ዶርቃ። "ሥራ አስኪያጁ። 'ዋስ የሚሆንሽ ዘመድ አለሽ?' ሲለኝ፣ እንደተማርኩት ዓይን ዓይኑን እያየሁ 'ወንድሞችና እህቶች አሉኝ፣ መቶ ይሆናሉ' አልኩት።"

"እሺ፣ ምን አለሽ?"

"'መቶ ምን ያደርግልኛል፣ አንድ ይበቃል' አለኝ።"

ሳቀች። አብሯት የሳቀ ግን የለም። እድላዊትም "ጌታ ያውቃል" ብላ ወጣች።

ግዛውና ሚስቱ ሣራ ቀሩ። ሣራ የአትሮንሱን ጨርቅ እያጠፈች ነበር። ዶርቃ ከግዛው ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ወንድም ግዛው፣ እርስዎ ቋሚ ነዎት አይደል?"

ግዛውን ቴዎ ነው ትዝ ያለው፣ የሣራ የእህት ልጅ። ግዛው ዋስ ሆኖት፣ ልጁ የተቀጠረበትን መጋዘን ዕቃ ጭኖ ጠፋ። ዕዳው ከግዛው ደሞዝ ላይ ሲቆረጥ ሲቆረጥ፣ ልጆቻቸውን ከጥሩው ትምህርት ቤት አስወጡ። "ሁለተኛ ለሰው እንዳትፈርም" ብላ ሣራ አስምላዋለች። ቀና ብሎ አያት። አጥፋ የጨረሰችውን ጨርቅ ዘረጋችና እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

"እሱማ ቋሚ ነኝ" አለ ግዛው። "ግን..."

"ባለፈው ሳምንት ደውለው 'ለታማኝነቷ እኔ ምስክር ነኝ' ብለዋቸው የለ?"

"ነኝ እንጂ! አሁንም ምስክር ነኝ። ምስክርነት ግን ሌላ ነው፣ ዋስትና ሌላ ነው።"

"ያመኑኝ መስሎኝ።"

"አምንሻለሁ።" እውነቱን ነው። ይህች ልጅ የሰው መርፌ እንደማትነካ ያውቃል። ይህን ማወቁ ነው አላስቀምጥ ያለው፤ ሲያስተምር የሚለው መጣለት። "አየሽ እህቴ፣ እኛ የምናስተምረው ራስን መቻል ነው። እኔ ዋስ ከሆንኩሽ፣ ራስሽን ቻልሽ ሊባል ነው?"

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ጎመዘዘው።

"እኔማ ችዬ ነበር" አለች ዶርቃ ቀስ ብላ። "አልችል ያልኩት ፈርሞ የሚያስገባኝ ሰው ማግኘት ነው።"

"እስከ ስንት ሰዓት ነው የሰጡሽ?"

"እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ካልመጣሁ ተጠባባቂዋ ትገባለች።"

ግዛው ሣራን አየ። ሣራ ጨርቁን አየች።

"በይ እንጸልይ" አለ።

ዓይኑን ጨፈነና ጸለየ። ጸሎት ያውቅበታል ግዛው፤ ድምፁ ሆድ ያባባል። "አባት ሆይ፣ አንተ የሚሳንህ የለም፤ ለዚህች ልጅህ ከየትም ብለህ አንድ ሰው አስነሣላት" አለ። ደጋግሞ አለው። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ። ሣራም ከወዲያ ሆና "አዎ ጌታ ሆይ" ትላለች። ጸሎቱን እያስረዘመው እንደሆነ ታውቆታል፤ ግን "አሜን" ካለ በኋላ የሚመጣውን ፈራ።

መቼም አይቀርም፣ "አሜን" አለና ዓይኑን ገለጠ።

ዶርቃ ዓይኗን አልጨፈነችም ኖሯል። ቀና ብላ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንዳለማመዳት ዓይን ዓይኑን እያየችው ነው። መሬት መሬት ያየው እሱ ሆነ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አቶ ግዛው" አለችው።

ተነሥታ የተቀመጠችበትን ወንበር አነሣችና ከተደረደሩት ላይ ደረበችው።

ሌላ አልላችሁም ልጆቼ። ስሟ ዶርቃ ነው። አደራ፣ አስታውሱልኝ።