ጣሪያዋ ዝቅ ያለው ፊያት

ሟቹ አናጢ በወጣትነት ፎቶው ላይ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ክርኑን በፊያት መስኮት አውጥቶ፣ ድሬዳዋን ጠቅልሎ የገዛ መስሏል። የፊያቷ ጣሪያ ግን አናቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። በሕይወቱ ሳለ «መኪናዋ የት ደረሰች?» ሲሉት እየሳቀ ያልፍ ነበር።

ልጅየው ትናንሽ የፕላስቲክ መኪና መገጣጠም ነፍሱ ነውና፣ «ይህቺንማ ካልሠራሁ የሱ ልጅ አይደለሁም!» ብሎ ተነሳ። መዳፍ የምታክል ፊያት ገዝቶ ጣሪያዋን ቆረጠ፤ ቋሚዎቹን አሳጥሮ መልሶ ለጠፈ። ሦስት አበላሽቶ አራተኛዋ ቁርጥ ፎቶዋን ሆነች። ጓደኞቹ «እንዲህ ያለ ፊያት ተሠርቶ አያውቅም» ቢሉት ሁለት ሳምንት አኮረፋቸው።

እሁድ ዕለት ለአክስቱ ለወይዘሮ አመለወርቅ ወስዶ አሳያቸው። እሳቸው መኪናዋን አገላብጠው ጎማዎቿን በጣታቸው ቆጠሩ።

«አራት አደረግክላት?» ብለው ሳቁ። «የዚያችኛዋ ሁለት ብቻ ነበር።»

«እንዴት ሁለት፣ አክስቴ?»

«የፎቶ ቤቱ ናት እኮ! ኮምፔንሳቶ ላይ የተሳለች። ሰው ከኋላዋ ቆሞ በመስኮቷ ብቅ ብሎ ይነሳል።» መኪናዋን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አቆሟት። «ጣሪያዋን እንዲህ ያሳጠረው ግን አባትህ ራሱ ነው፤ ሲሠራት ኮምፔንሳቶው አልበቃ ብሎት።»