አትጠጊኝ

ታማሚዋ በረንዳ ላይ ልብሷን እያጠፈች ሳለ የባሏ እህት ትርንጎ ምሳ በሳህን ይዛ መጣች።

“አትጠጊኝ።”

“ዛሬም? በወንድሜ ቤት እኛኑ ትጸየፊ!”

“የዋጥኩት አዮዲን ጨረር አለው። መጀመሪያ ጥቂት ሰጥተውኝ የእንቅርቴ ካንሰር የት እንዳለ በካሜራ አዩ። አሁን ያንኑ በብዛት ሰጡኝ፤ እዚያው ሄዶ ያቃጥለዋል።”

“እናቴን ግን በሩቁም ቢሆን ታጫውቻታለሽ። እኔን ስታዪ ነው የምትሸሺው፣ አንቺ ኩራተኛ!” ትርንጎ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ታማሚዋ አፍ ዘረጋች።

ታማሚዋ ግድግዳው ድረስ አፈገፈገች።

“ሐኪሙ በተለይ ከነፍሰ ጡር ራቂ ብሎኛል” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ጠዋት ጠዋት ስታስመልሺ እሰማለሁ።”

ትርንጎ ወደ ሳሎኑ ዞር ብላ አየች። “ለእናቴ ነገርሻት?”

“ለማንም አልነገርኩም። ሂጂ።”

ትርንጎ ጉርሻውን መለሰች፤ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላዋ ሸሸች።