አንድም ባዶ ቀን

አሮጊቷ ፌስታሉን ፈትተው ሌላ ፌስታል አወጡ፤ እሱን ሲፈቱት ደግሞ ሌላ።

«እንዳይረጥብ ብዬ ነው» አሉ፣ አፈር ብለው። ከሦስተኛው ውስጥ ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተር ወጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

ዶክተሯ ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሕፈት ስታይ ልቧ ደስ አለው። የመምህሩ ነው። የአየር ንብረት ዶክትሬቷን ስትማር ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ጽሕፈት ጋር ኖራለች። መምህሩ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከቤታቸው ወንዝ ማዶ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ያለውን የዝናብ መለኪያ አንብበው ይመዘግቡ፣ ወር በሞላ ቁጥርም ቅጽ ሞልተው ይልኩላት ነበር።

«ስንት ቢሮ እንደዞርኩ አልነግርሽም» አሉ አሮጊቷ። «‹ያቺ የዝናብ ተማሪ የት ደረሰች?› ስል ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ለካ ኃላፊ ሆነሽልኛል! ዘበኛው ‹ዶክተር› ሲልሽ እኔ ሐኪም ቤት የገባሁ መስሎኝ ልመለስ ነበር።»

«ኧረ እማማ፣ ለእርስዎ ያው ተማሪዋ ነኝ» ብላ ሳቀች። «መምህሩስ? ደህና ናቸው?»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። «አልሰማሽም እንዴ ልጄ? ባሌን ውሃ ወሰደው እኮ። ዘጠኝ ዓመቱ።»

አልሰማችም። አልጠየቀችማ! ያን ጊዜ ቅጹ መምጣቱን ሲያቆም እሷ ጥናቷን ለማቅረብ ቀን እየቆጠረች ነበር። ግራፉን እዚያው ወር ላይ ቆረጠችውና ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «ጣቢያው ሥራ አቁሟል» ብላ ጻፈች። ግራፉ አሁን በመስታወት ተደርጎ ከጀርባዋ ተሰቅሏል። የመጨረሻዋ ዓመት መስመር አንድም ቦታ ሳትቆረጥ ትሄዳለች። ፈታኞቿ ያጨበጨቡላት፣ ይህንንም ሥራ ያስገኘችላት ያቺ መስመር ናት። አዲስ ሠልጣኞች በመጡ ቁጥር ዶክተሯ በጣቷ እያሳየች «አንድም ባዶ ቀን የለውም» ትላቸዋለች።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለች።

«የወንዙን ጠባይ እንደሱ የሚያውቅ አልነበረም» አሉ አሮጊቷ። «ከሞላ አይሻገርም፣ አለቀ። ተማሪዎቹ እንኳ ‹ቲቸር ከቀረ ወንዙ ሞልቷል› ይሉ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሞላ ጎደለ ሳይል ገመድ ይዞ መሻገር ጀመረ። ያን ቀን ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለም፣ ምን የለም። ዝናቡን ለመለካት ብቻ እንዲህ ይደፍራል? ምን አስገደደው? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይሄን ሳወጣ ሳወርድ ነው የማድረው።»

ደብተሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ሲወጣ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ነበር። ፊደል አልቆጠርኩም። የልጅ ልጄ ልታነብልኝ ሞከረችና ‹አያቴ፣ ይሄ ጉንዳን የሄደበት ነው› ብላ መለሰችልኝ። አንቺ ግን ጽሕፈቱን ለምደሽዋል። የመጨረሻውን አንብቢልኝ።»

ዶክተሯ ገጾቹን ገለጠች። በፊት በፊት፣ እዚህም እዚያም የቁጥር ሳጥኖቹ ባዶ ናቸው፤ አጠገባቸው «ወንዝ ሞልቷል» የሚል አለ። ለእሷ በሚላከው ቅጽ ላይ ግን ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ አልነበረም። እሷ ያየችው ባዶውን ብቻ ነው። ያኔ የጥናት አማካሪዋ ባዶዎቹን በቀይ ከበው ሲመልሱባት ደነገጠችና ለመምህሩ ስልክ ደወለች። «አባባ፣ አደራዎን፣ ባዶ ቀን አይተዉብኝ። መመረቄ በእጅዎ ነው» አለቻቸው እየሳቀች። መምህሩም «እሺ ልጄ፣ አይለምደኝም» አሏት። ለምን ባዶ እንደሆኑ አልጠየቀቻቸውም። ዝናቡ እኮ መለኪያው ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠብቃል፤ የሁለቱን ቀን በማግስቱ ደምሮ መለካት ይቻላል። ይህን ለመናገር ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅባትም ነበር።

ከስልኩ ወዲህ ያሉት ሳጥኖች ሁሉ ተሞልተዋል። የመጨረሻውን ገጽ በዓይኗ አነበበች። እርሳሱ ደብዝዟል። አይነበብም ብትል ማንም አያውቅባትም።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይጠብቃሉ።

«‹ቅዳሜ›» አለች ዶክተሯ። «‹ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ወንዙ ሞልቷል። ልጅቱ...›» እንደገና ጀመረች። «‹ልጅቱ ባዶ አይተዉብኝ ብላለች። ቃሌን ሰጥቻለሁ። ገመዱን ይዤ ልሞክር።›»

ዶክተሯ ቀና ማለት ፈራች። ቢሰድቧት፣ ቢረግሟት በወደደች።

«ስንት ሆነ ታዲያ?» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው።

«ምኑ እማማ?»

«ዝናቡ። ሲመለስ ከበር ጀምሮ ‹ዛሬ አሥራ ሁለት!›፣ ‹ዛሬ ሠላሳ!› ይለኝ ነበር፣ ሎተሪ የደረሰው ይመስል። የዚያን ቀኑን ሳይነግረኝ ቀረ።»

ዶክተሯ ጣቷን ቀኑ ላይ አሳርፋ መስመሩን ይዛ ወደ ቀኝ ሄደች። ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ባዶ ነው እማማ» አለች።