ነጠላ የለበሰው ገንዳ

ምንይችል ገንዳው ውስጥ ያለውን ድንጋይ ቀስ አድርጎ ሲያነሳ ሸርጣኑ አለ። አልሞተም። ቅድም ሲገባ ልቡን ቀጥ ያደረገው፣ እግሩም ጥፍሩም ሳይጎድል ተንጋሎ የወደቀው ነገር ቅርፊቱ ብቻ ነው። ራሱ ከቅርፊቱ ወጥቶ፣ እንደ ተላጠ እንቁላል ለስልሶ፣ ድንጋዩ ሥር ተሸጉጧል። በዚህ ጊዜ ጣት እንኳ ሊያርፍበት አይገባም። ድንጋዩን እንደነበረ መለሰና ትንፋሹን ለቀቀ።

ውሃው ግን ዛሬም ጎድሏል። ገንዳውን ከአሉሚኒየም ሠሪዎች በለመነው የመስኮት መስታወት፣ በሲሊኮን አጣብቆ የሠራው ራሱ ነው። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ በየቀኑ ይጎድልበታል። መጋጠሚያውን በጣቱ ዳበሰው። ደረቅ ነው።

«ቤቶች! ምንዬ፣ አለህ እንዴ?»

ቤቱን ያከራዩት እማማ ካሣነሽ ናቸው። ነጠላውን ገንዳው ላይ ጎትቶ እንደሸፈነው ገቡ፤ በአንድ እጃቸው ኩባያ፣ በሌላው ባዶ ሃይላንድ ይዘዋል። ምርኩዛቸውን አልያዙም።

«ምነው ዛሬ በጊዜ?»

«መብራት ጠፋ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ዘጋነው።»

«እሰይ! እንኳን ጠፋ። ሌባ ከምባል ፊት ለፊትህ ልቅዳ።»

«ምን ሊቀዱ፣ እማማ?»

«ጠበሉን ነዋ! ቁልፍህ እኔ ዘንድ አይደል? ከቅዳሴ ስመለስ፣ እህል ሳልቀምስ፣ አንድ አንድ ኩባያ እጠጣለሁ። ሳልነግርህ ነውና ይቅር በለኝ። ጉልበቴን ግን እየው!» ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ አሉ። «ይኸው፣ እንደ ልጃገረድ! ዛሬ ቆሜ ነው ያስቀደስኩ። ምርኩዜን ለዶሮዎቹ ቆጥ አድርጌላቸዋለሁ፤ ይስፈሩበት።»

በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ምንይችል አልሳቀም። ሲሊኮኑን በከንቱ ሲያማው ከርሟል።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ቃል ነበር። የግቢው ቧንቧ ውሃ መድኃኒት አለበት፤ ለሸርጣን አይሆንም። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ወንዝ በጄሪካን ይቀዳ ነበር። ደጁ ላይ ቧንቧ እያለው ዳገቱን ውሃ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ጠበል እንጂ ሌላ ምን ይይዛል? «ጠበል ነው?» ብለው እማማ ሲጠይቁት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ጎረምሳ ሸርጣን ያሳድጋል ከመባል ብሎ «አዎ» አላቸው። በነጋታው ይችን ነጠላ አጥበው አመጡለት፤ ጠበል ተገልጦ አያድርም ብለው።

እማማ ካሣነሽ ሃይላንዱን ዘረጉለት። «በል ይቺን ሙላልኝ። ለየትናየት ነው፣ ወገዳ ላለችው ልጄ። ወሯ ገብቷል፣ እግሯ አብጧል። ትጠጣው፤ ሆዷንም ትቀባው። የምልክበት ሰው መናኸሪያ ቆሞልኛል።»

ተቀበላቸው። ከግቢው ቧንቧ ቢሞላውስ ማን ያውቃል? ንጹሕ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ።

«አንተን የወለደች ታድላ» አሉት ከኋላው። «ስንቱ የእኔ ቢጤ ጠበል የሚያመጣለት አጥቶ ይማቅቃል። ወልደህ ሳም።»

እግሩ ከዚያ አላለፈም።

«ጠበል አይደለም።»

«እ?»

«ጠበል አይደለም፣ እማማ። የወንዝ ውሃ ነው። ሸርጣን አለበት።»

የሚቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ተመልሶ ነጠላውን ገፈፈው። ጎንበስ ብለው ሲያዩ፣ ቅርፊቱ ጥፍሩን ወደ ላይ አድርጎ ተንጋሏል።

«ስመ ሥላሴ!» አማተቡ፤ ኩባያው ከእጃቸው ወደቀ። «በጾሜ! ሸርጣን የተኛበትን ውሃ፣ በባዶ ሆዴ፣ ያውም እያማተብኩ! ለነፍስ አባቴ ምን ብዬ ልናገር ነው? ደግሞም ሞቶበታል!»

«አልሞተም። እሱ ልብሱ ነው፤ ጠብቦት አወለቀው። ገላው እስኪጠነክር ድረስ ድንጋዩ ሥር ይደበቃል።»

«ምን ያደርግልሃል?»

ምንይችል ለትምህርት ነው ሊል አሰበ፤ ለጥናት።

«ምንም። አየዋለሁ» አለ። «ከሥራ ስገባ ወጥቶ ይጠብቀኛል። ጥፍሩን ያነሳልኛል።»

ፊቱ ነደደ። ቢጮኹበት፣ ዕቃህን ይዘህ ውጣልኝ ቢሉት በወደደ። እሳቸው ግን ከገንዳው ወደ እሱ ቀና አሉ።

«ያን ቀን ሸርጣን ነው ብትለኝ እኮ ስቄብህ እሄድ ነበር» አሉ። «በቃ፣ ስቄ ነው የምሄድ።»

ባዶውን ሃይላንድ ከእጁ ወሰዱ። ነጠላዋንም ከመሬት አነሱ። ይዘዋት ሊሄዱ መስሎት ነበር፤ እሳቸው አራግፈው ገንዳው ላይ መለሷትና ጫፎቿን አስተካከሉ።

«ሸፍነው» አሉ፣ ፊቱን ሳያዩ። «ራቁቱን አታሳየው።»

ደፉ ላይ ሲደርሱ መቃኑን ያዙ። ቀኝ እግራቸውን አስቀደሙ፣ ቆሙ፣ ከዚያ ግራውን ጎተቱት። ምንይችል ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋ፤ አልያዙትም። ግድግዳውን ተከትለው በዝግታ ወደ ጓሮ ዞሩ።

ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ በኩል ዶሮዎቹ ተንጫጩ፤ ቆጣቸው ከሥራቸው ሲመዘዝ።